ስልክዎ እንዳይጮህ፦ ከሞባይል የሚደርሰውን የሬዲዮ ሞገድ ለመቀነስ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ሞባይል ስልክ በመሠረቱ የሬዲዮ ማስተላለፊያና መቀበያ ነው። ድምፃችንን፣ ጽሑፋችንንና ፎቷችንን ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጦ በአቅራቢያው ወዳለው የአንቴና ማማ ይልካል፤ ከማማው የመጣውንም ተቀብሎ መልሶ ይተረጉምልናል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ ስልኩ ሁልጊዜ በአንድ መጠን ኃይል የማይሠራ መሆኑን ነው። ማማው ቅርብ ከሆነና መንገዱን የሚጋርድ ነገር ከሌለ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ማማው ሲርቅ ወይም ወፍራም ግድግዳ ሲከልለው ግን እንደ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እጅግ ሲቸግረውም ይጮኻል። ስለዚህ ወደ ሰውነቱ የሚገባውን ሞገድ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ስልኩን የሚያስጮኸው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ መጮሁ የማይቀር ሲሆን ደግሞ ከሰውነቱ እንዴት እንደሚያርቀው ማወቅ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በሙሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመዘዙ ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሞባይል ሬዲዮ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ከአቶም ነጥሎ የሚያወጣ ወይም የዘረ መልን ሰንሰለት የሚበጥስ ጉልበት የለውም። በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው ውጤቱ ሙቀት ነው፤ ሞገዱን የዋጠው የሰውነት ክፍል በጥቂቱ ይሞቃል። በሥራ ላይ ያሉት የደኅንነት ገደቦች የተቀመጡትም ይህ ሙቀት ጉዳት ሊያደርስ ከሚጀምርበት መጠን በብዙ እጥፍ ዝቅ ተደርገው ነው። ከሙቀት ባሻገር ስላለው ጉዳይ፣ መቀመጫው በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የሆነውና በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሬዲዮ ሞገድን «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» በሚለው 2ቢ በተባለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ይህ ምድብ የሚያመለክተው ማስረጃው ውሱን ሆኖ ጥርጣሬው ግን ሙሉ በሙሉ አለመነሣቱን ነው። በ2024 ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት የተሠራና 63 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ፣ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ከ10 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ወጣቶች በ14 አገሮች የተከታተለው ጥናትም ስልክ መጠቀም የአንጎል ዕጢ ያመጣል የሚያሰኝ ውጤት አላስገኘም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ በፍርሃት የሚነበብ አይደለም። ጥንቃቄውን የምደግፈው አብዛኛው እርምጃ ገንዘብም ሆነ ድካም የማይጠይቅ በመሆኑ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ በእጅ የሚያዝ ሞባይል ለገበያ የቀረበው በ1983 ነው፤ ዛሬ በሰባት ዓመቱ ስልክ የያዘ ልጅ ደግሞ ሰባ ዓመት ሊጠቀምበት ይችላል። ያን ያህል ዘመን ስልክ ተጠቅሞ ያረጀ ሰው ገና በምድር ላይ የለም።

አንደኛ እርምጃ፦ ስልኩ የት እንደሚጮህ ይለዩ

በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት የኔትወርክ መስመሮች ፍንጭ ይሰጡ እንደሆነ እንጂ መለኪያ አይሆኑም፤ የአንዱ አምራች ሦስት መስመር የሌላው አራት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም የሚባለው ቁጥር ነው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው «አባውት ፎን» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ሲም ስታተስ» የሚለውን ሲከፍቱ «ሲግናል ስትሬንግዝ» በሚል ስም ተጽፎ ያገኙታል፤ የምናሌው አቀማመጥ ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ኔትወርኩ ጠንካራ ነው ማለት ነው። በ4ጂ ኔትወርክ −80 አካባቢ በጣም ጥሩ፣ ከ−110 በታች ደግሞ ደካማ ነው።

አሁን ስልኩን ይዘው በቤትዎ ውስጥ ይዘዋወሩ። መስኮት ሥር ቆመው ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ይጠብቁና ያንብቡ፤ −85 አገኙ እንበል። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይግቡ፣ በሩን ዘግተው እንደገና ያንብቡ፤ −105 ሆነ እንበል። ሃያ ቁጥር ብቻ የወረደ ቢመስልም በዚህ አቆጣጠር እያንዳንዱ አሥር ቁጥር አሥር እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ሞገድ መስኮቱ ሥር ከሚደርሰው አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ስልኩም ከዚያ ክፍል ሆኖ ለማማው ለመሰማት የሚያወጣውን ኃይል፣ የመጨረሻ አቅሙ እስኪደርስ ድረስ፣ በግምት በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ሰውየው ያው፣ ስልኩም ያው ነው፤ የተለወጠው ስምንት ወይም አሥር እርምጃ ብቻ ነው። ቁጥሩ የተሻለ ሆኖ የተገኘበትን ስፍራ የቤቱ የስልክ መነጋገሪያ ቦታ ያድርጉት፤ ወንበርም ቢያኖሩበት አይከፋም።

ከዚህ ጋር አንድ የተለመደ ጥርጣሬ ይነሣል፤ ማማ ከቤት አጠገብ መተከሉ። ማማው ራሱ ከስልክ እጅግ የሚበልጥ ኃይል ቢያወጣም ከሰው በብዙ ሜትር ርቆና ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ መሬት ላይ ካለው ሰው ዘንድ የሚደርሰው ሞገድ ጆሮ ላይ ከተለጠፈ ስልክ ከሚደርሰው በጣም ያነሰ ነው። ማማው በራቀ መጠን ደግሞ በእጃችን ያለው ስልክ ይበልጥ ይጮኻል። ማማውን በመሸሽ ከስልኩ የሚደርሰው ሞገድ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ስልኩን ከጆሮ ያርቁ

ከሁሉም እርምጃ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ከምንጩ ሲርቁ የሞገዱ ጉልበት በፍጥነት ይወድቃል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሰውነትን ነክቶ በተያዘ ስልክ ላይ ስሌቱ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ስልኩን ከሰውነቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር አርቆ የሚጠቀም ሰው፣ ለምሳሌ መልእክት የሚጽፍ፣ ኢንተርኔት የሚከፍት ወይም በማዳመጫ የሚነጋገር ሰው፣ ራሱ ላይ አስጠግቶ ከሚያወራው ሰው እጅግ ያነሰ ሞገድ ይደርስበታል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ቤት ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑረው በስፒከር ይነጋገሩ። ሰው ባለበት ቦታ ባለገመድ ኤርፎን ይጠቀሙ፤ ስልኩን ግን ገመዱን ሰክተው መልሰው ኪስዎ ውስጥ ከከተቱት ከራስዎ ወደ ጭንዎ አዛወሩት እንጂ አላራቁትም፤ ቦርሳ ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይሁን። የብሉቱዝ ማዳመጫም ሞገድ ያወጣል፤ ይሁን እንጂ የተለመዱት ዓይነቶች ኃይላቸው ቢበዛ 2.5 ሚሊዋት ገደማ ሲሆን የ4ጂ ስልክ ከፍተኛ ኃይል 200 ሚሊዋት ያህል ነው። ሰማንያ እጥፍ ልዩነት ነውና ለረጅም ንግግር ብሉቱዝ ስልኩን ጆሮ ላይ ከመለጠፍ ይሻላል። ንግግሩ ሲያበቃ ማዳመጫውን ከጆሮ ማውጣት ነው።

ስልኩን ጆሮ ላይ ማድረግ ግድ ሲሆን ደግሞ ደውለው ወዲያው አያስጠጉት። በተለይ በ2ጂ ኔትወርክ ስልኩ ጥሪውን ሲጀምር በከፍተኛ ኃይል ይነሣና ከማማው ጋር ከተግባባ በኋላ ዝቅ ይላል፤ ወዲያ በኩል ያለው ሰው እስኪያነሣ ድረስ ስልኩን ፊት ለፊት ይዞ መጠበቅ ይበቃል። ንግግሩን ማሳጠርና ጆሮ ማቀያየርም ይረዳል። ለአጭር ጉዳይ መልእክት ይጻፉ፤ «ደርሻለሁ» ለማለት መደወል አያስፈልግም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ስልኩን የሚያስጮኹ ሁኔታዎችን ይሽሹ

ስልክ ከሚጮኽባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው በብረት የተከበበ ቦታ ነው። ሊፍት፣ መኪና፣ ባቡር ሁሉም የብረት ሣጥኖች ናቸው፤ ሞገዱ በቀላሉ አይወጣባቸውም። በፍጥነት የሚጓዝ ሰው ስልክ በተጨማሪ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ግንኙነቱን ደጋግሞ ያድሳል። ስለዚህ በጉዞ ላይ ረጅም ወሬ አይጀምሩ፤ የግድ ከሆነም በማዳመጫ ይሁን። የምድር ቤቶችና ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያላቸው ክፍሎችም ከዚሁ ይመደባሉ። ኔትወርክ ጨርሶ በሌለበት ስፍራ ስልኩ ማማ ፍለጋ ደጋግሞ ስለሚያዳምጥ፣ ባትሪው እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አልቆ አያውቅም፤ እንዲህ ባለ ቦታ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ባትሪውን ይቆጥባል።

ብዙ ሰው ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ስልኩን 2ጂ ላይ ብቻ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ከሞገድ አንጻር ይህ አይመከርም። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የ2ጂ ስልክ በሚያስተላልፍበት ቅጽበት እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ የሚያስተላልፈው ከስምንት የጊዜ ክፍልፋይ በአንዱ ብቻ ስለሆነ አማካዩ 0.25 ዋት ይሆናል። 3ጂና 4ጂ ከፍተኛ ኃይላቸው ከዚሁ አማካይ ጋር የሚቀራረብ ቢሆንም፣ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ሁሉ ኃይላቸውን ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገው ይሠራሉ። የኔትወርክ ምርጫውን አውቶማቲክ ላይ ይተዉት። በዋይፋይ መደወል የሚቻልበት አገልግሎት ካለና የቤቱ የሞባይል ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ያንን ማብራት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ስልኩ የሚያናግረው በሩቅ ያለውን ማማ ሳይሆን ሳሎን ያለውን ራውተር ይሆናልና።

ቪዲዮ መላክ፣ በቀጥታ ማስተላለፍና ሆትስፖት መክፈት ስልኩ ለረጅም ጊዜ እንዲያስተላልፍ ያደርጋሉ። እነዚህን ሲያደርጉ ስልኩን ጭን ላይ አያኑሩት፤ የሆነ ነገር ላይ ያሳርፉት።

አራተኛ እርምጃ፦ የሚይዙበትንና የሚተኙበትን ቦታ ይለውጡ

ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ስልክ ሞገድ የሚያወጣው አልፎ አልፎ፣ ለቅጽበት ነው። ዳታው በርቶ አፕሊኬሽኖች ከጀርባ የሚሠሩ ከሆነ ግን ይደጋግመዋል። የስልክ አምራቾች ራሳቸው በመመሪያቸው ስልኩ ከሰውነት በጥቂት ሚሊሜትር ርቆ እንዲያዝ ሲያሳስቡ ኖረዋል፤ ማንም ያንን ገጽ ስለማያነበው እንጂ። ቦርሳ ካለ በቦርሳ ይያዝ፤ ኪስ ውስጥ ከሆነ ዳታውን መዝጋት ነገሩን ይቀንሰዋል። ጡት መያዣ ውስጥ መያዝ ግን ይቅር። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ስልኩን ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ያርቅ፤ የደረት ኪስ ውስጥ አይያዝ፤ ሲያወራም መሣሪያው ካለበት በተቃራኒው ባለው ጆሮ ይነጋገር። ይህኛው ምክር የመሣሪያውን አሠራር እንዳያውክ የሚሰጥ ስለሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ሌሊት ስልኩ ትራስ ሥር አይደር። ለማንቂያ ደወል ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ቢያደርጉትም ደወሉ ይሠራል፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረው መጥፋታቸውን ግን ያረጋግጡ፤ በአንዳንድ ስልኮች በርተው ይቀራሉ። ሌሊት ሊደወልልኝ ይችላል የሚል ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ከአልጋው አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ያለ ቦታ ያስቀምጠው፤ ተነሥቶ ማንሣቱ ብቻ ነው ትርፍ ድካሙ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ልጆች

ለልጆች የተለየ ጥንቃቄ የሚደረገው በአካላቸው አሠራር ምክንያት ነው። ራሳቸው አነስተኛ፣ የራስ ቅላቸው ስስ ነው፤ ስልኩ ወደ አንጎላቸው ይበልጥ ይቀርባል። ከላይ የጠቀስኩት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እንዳሰፈረው፣ ልጅና አዋቂ ስልክን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ቢጠቀሙ የልጁ አንጎል የሚውጠው የሞገድ ጉልበት በአማካይ ሁለት እጥፍ፣ የራስ ቅሉ መቅኔ የሚውጠው ደግሞ እስከ አሥር እጥፍ ይሆናል። በብሪታንያ በ2000 የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት ልጆች አስፈላጊ ላልሆነ ጥሪ ሞባይል እንዳይጠቀሙ የመከረውም በዚህ መንፈስ ነበር፤ ፈረንሳይም በ2015 ባወጣችው ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚውሉባቸው የማቆያ ክፍሎች ዋይፋይ እንዳይኖር ከልክላለች።

በቤት ውስጥ አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ልጁ ካርቱን የሚያይ ከሆነ ቪዲዮውን አስቀድመው በዋይፋይ ያውርዱለት፤ ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ይስጡት። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያለና ዋይፋይና ብሉቱዙ የጠፋ ስልክ የሬዲዮ ሞገድ አያስተላልፍም፤ ልጁ ደረቱ ላይ ቢያስደግፈው እንኳ ሥዕል ከማሳየት ያለፈ ነገር አያደርግም። እግረ መንገዱንም ልጁ ሳያውቅ ለሰው እንዳይደውል ያደርጋል። ከአያቱ ጋር የሚያወራ ልጅ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ በስፒከር ያውራ፤ አያትም «አይሰማኝም» ካሉ ድምፁን ከፍ ማድረግ እንጂ ስልኩን ጆሮው ላይ መለጠፍ አያስፈልግም። ሕፃን ሲያጠቡ ወይም ሲያስተኙ ስልክ የሚነኩ እናቶችና አባቶች ስልኩ ከሕፃኑ ራስ በላይ የሚያርፍበትን ቦታ ልብ ይበሉ፤ ክንዳችን በሕፃኑ ላይ ታጥፎ ስልኩ ከራስ ቅሉ በጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕፃኑን ከሌላ ክፍል ለማዳመጥ የሚያገለግል ገመድ አልባ መሣሪያ ካለም ከአልጋው ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት።

ከፍ ላሉት ልጆች ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። የራሳቸው ስልክ ከያዙ ማዳመጫውን አብሮ መስጠት፣ ማታ ስልኩ የሚያድርበትን አንድ ቦታ ከመኝታ ቤት ውጭ መወሰንና ወላጅም የራሱን እዚያው ማሳደር ነው። የአባት ስልክ ትራስ ሥር እያደረ የልጅ ስልክ ሳሎን ይደር ማለት አይሠራም፤ ልጆች ይህንን ለማስተዋል አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል። የዲቢኤም ቁጥሩን ራሳቸው እንዲለኩ ቢያስተምሯቸው ደግሞ ከምክር ሁሉ ይበልጣል፤ ቤቱን በቁጥር ካርታ የሚሞላ ልጅ ሊፍት ውስጥ ለምን እንዳይደውል አይከራከርም።

ስልክ ሲገዙ፦ ሰውነት የሚውጠውን የሞገድ መጠን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

ሰውነት ከስልኩ የሚውጠው የሬዲዮ ጉልበት ኤስኤአር በሚባል መለኪያ፣ ለአንድ ኪሎግራም በሚደርሰው ዋት ይገለጻል። በአሜሪካ ገደቡ በ1 ግራም የሰውነት ክፍል አማካይ ሲሰላ 1.6፣ በአውሮፓ ደግሞ በ10 ግራም ሲሰላ ለራስና ለአካል ግንድ 2፣ ለእጅና ለእግር 4 ነው። በብዙ ስልኮች መደወያው ላይ *#07# ሲጽፉ የስልኩ የኤስኤአር ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከአሜሪካው ወይስ ከአውሮፓው ስሌት እንደሆነ ሳይለዩ ሁለት ስልኮችን ማወዳደር ግን አይቻልም።

ቁጥሩ የሚለካው ስልኩ በሙሉ ኃይሉ ሲጮኽ ነው። 1.2 የተጻፈበት ስልክ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቤት ውስጥ፣ 0.8 ተጽፎበት በምድር ቤት ከሚሠራ ስልክ ያነሰ ሞገድ ሊያደርስ ይችላል። መለኪያው ከንቱ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። በመስከረም 2023 የፈረንሳይ የሞገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አይፎን 12ን ከእጅ ጋር ወይም ኪስ ውስጥ እንደተያዘ አድርጎ ሲፈትሽ 5.74 አግኝቶ፣ ገደቡ 4 በመሆኑ ሽያጩ እንዲቆም አዝዟል፤ አፕልም ችግሩን በሶፍትዌር ማስተካከያ ፈትቶታል። ስልክዎ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲጠይቅዎ ሁልጊዜ «በኋላ» እያሉ ላለማለፍ ይህ አንዱ ምክንያት ነው።

ገንዘብ የማይወጣባቸው ነገሮች

ጨረር ይከላከላል እየተባለ የሚሸጥ ተለጣፊ፣ ቺፕና ልዩ ከቨር ይገኛል። ሞገዱን በእርግጥ የሚገድብ ከሆነ ስልኩ ከማማው ጋር እንዳይግባባ ያደርገዋል፤ ስልኩም ይበልጥ ይጮኻል። የማይገድብ ከሆነ ደግሞ ጌጥ ነው። የብረት ቅብ ያለው ከቨርና ከጀርባ የሚለጠፍ የብረት መያዣም፣ ማንም ለመከላከያ ብሎ ባይገዛቸውም፣ አንቴናው ላይ ካረፉ ይኸንኑ ያደርጋሉ።

የእርስዎን ከቨር መፈተን ቀላል ነው። ስልኩን አንድ ቦታ ጠረጴዛ ላይ አኑረው ከነከቨሩ የዲቢኤም ቁጥሩን በደቂቃ ልዩነት አምስት ጊዜ ያንብቡና ይጻፉ፤ ቁጥሩ በራሱ ስለሚዋዥቅ አንድ ጊዜ ማንበብ ያሳስታል። ከዚያ ስልኩን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ከቨሩን አውልቀው አምስት ጊዜ ይድገሙት። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ቁጥር ከሆነ ከቨሩን መልሰው ያልብሱት። ከቨሩ በወለቀ ጊዜ −88 የነበረው በለበሰ ጊዜ −98 የሚሆን ከሆነ ግን ስልኩን አሥር እጥፍ የሚያስጮኸው ያ ከቨር ነውና ሌላ ይፈልጉለት።